በእንግዳ ፊት የተቆጠሩ ላሞች

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «መረጃ ሰብሳቢ ነኝ» ማለት ከተውኩ ቆይቷል። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ካልክ ሰው ወሬውን ቁርጥ ያደርጋል፤ ሌላ ነገር የምትሰበስብ ይመስለዋል። «ቆጣሪ ነኝ» ስል ደግሞ የመብራት ቆጣሪ የማነብ መስሏቸው ስለ ክፍያው መብዛት ያማርሩብኛል። ሥራው ግን ምንም ምሥጢር የለውም። ሰው ቤት ገብቼ ምን እንደሚበላ፣ በምን ላይ እንደሚተኛ፣ ጣራው ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ በረቱ ውስጥ ስንት ከብት እንዳለ እጠይቃለሁ፤ መልሱን እጽፋለሁ። ወረቀቱ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው አገር እንዲህ ስዞር ወጣትነቴም ጉልበቴም አለቀ።

ወረቀቱ በመጨረሻ ለምን እንደሚውል የተረዳሁት ጎንደር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሥልጠና በተሰበሰብን ጊዜ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ባለ ሁለት አኃዝ እድገት የሚባለው ነገር ከሬዲዮ የማይጠፋበት ጊዜ ነበር። አሠልጣኙ ረጋ ያለ፣ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አበራ። በሥዕሉ ላይ ብዙ መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ አገር ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት መቶ ዓመት ያልፋል፣ ከታች ወደ ላይ ሀብት ያድጋል። አንዳንዱ አገር ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆይና ድንገት ተነሥቶ ሽቅብ ይሄዳል። አንዳንዱ ጥሩ ሲወጣ ቆይቶ መሐል ላይ ይደክመዋል። የእኛን ፈለግሁ። ከታች ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ሄዶ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀና ብሏል። አጠገቤ የተቀመጠው የዳባቱ ባልደረባዬ በሹክሹክታ «ይቺ ቀና ያለችዋ የኛ ውሎ አበል መሆን አለባት» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ አሠልጣኙ ግን ዞር ብሎ አየን።

ያንን መስመር ከሌላ አገር መስመር ጎን ለማስቀመጥ፣ አለን፣ ጥያቄው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቃል መጨመርም መቀነስም የለም። የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ብቻውን ይሁን፤ እንግዳ፣ ጎረቤት፣ መንገድ የሚመራችሁ ሰው እንኳን አጠገቡ አይቀመጥ። ሰው በሰው ፊት ስለ ኑሮው እውነቱን አይናገርም አለ። ይህ መመሪያ በሰጡን ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም ታትሟል። እኔም ተጠንቅቄ በእርሳስ አሰመርኩበት፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው ሰው እግሩ ስሜንን ረግጦ እንደማያውቅ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። «ብስክሌት አለዎት?» የሚል ነበረበት። አንድ ሽማግሌ ይህን ስጠይቃቸው ከደጃቸው ወደሚጀምረው ገደል አሻግረው አዩና «ጌታዬ፣ በዚህ ላይ ፍየልም ተጠንቅቃ ነው የምትሄድ» አሉኝ። «ማቀዝቀዣ አለዎት?» ስል ደግሞ ሌላው ሰው በጋቢው ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ «ቤቱ ራሱ ምን ሆነና!» አለኝ። ኅዳር ነበር፤ በእንስራ ያደረ ውኃ ጠዋት ላይ በረዶ ያወጣል። መሬቱን በሄክታር ጻፉ ይሉናል፤ ሰው የሚነግረን በጥማድ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን አርሶ የሚጨርሰው መሬት ነው። በሬው ከሲታ ከሆነ ጥማዱም ያንሳል፤ የሰጡን መለወጫ ሰንጠረዥ ግን ሁሉም በሬ የጠገበ አድርጎ ያስባል። ይህን ሁሉ ለተቆጣጣሪዬ ነገርኩት። «አንተ እንደተጻፈው ሥራ» አለኝ። እንደተጻፈው ሠራሁ፤ ከአንዱ በቀር።

ያቺ ሴት ቤት የደረስኩት ሥራው በተጀመረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። መንደሩ ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ተነጥሎ አራት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል፤ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ቀጥ ያለ ዳገት ነው። መንገድ የሚመራኝ የቀበሌው ሰው ወሬ የሚወድ ነበር። ገና ከዳገቱ ሥር ሳለን ቤቱን በጣቱ እያሳየ የሴትዮዋን ነገር ጨረሰልኝ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ሃያ ዓመት ያለፋት። ደጅ ላይ የሚታዩት ሁለት ላሞች የእሷ አይደሉም፤ ደባርቅ የሚኖር የአንድ ነጋዴ ናቸው፣ በርቢ ይዛቸው ነው። የርቢ ከብት በአገራችን የታወቀ ነው። ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፤ ጠባቂው ወተቱንና ኩበቱን ይወስዳል፤ ጥጃ ሲወለድ ተራ በተራ ይካፈላሉ፣ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለጠባቂው። «እሷ ድርሻዋ ገና አልደረሳትም» አለኝ ሰውየው። «ያላት ነገር የምግብ ለሥራው ስንዴ ነው፤ እርከን ትሠራለች፣ በወር በወር ይሰፈርላታል።»

ቤቱ ስንደርስ ውስጡ ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ንጹሕ፣ ከዘራቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጅቱን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፤ የመጡትም ከሩቅ፣ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ማዶ ነው። የሚያገባት ልጅ ለቱሪስት በቅሎ ይጭናል፤ በየቀኑ ብር የሚያይ ቤት ነው፣ በዚያ አገር ትልቅ ነገር። ታዲያ በእኛ ወግ የወንዱ ወገን ለጎጆ መውጫ ከብት ሲያቀርብ የሴቷም ወገን የሚመጥነውን ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ሽማግሌ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጁን ያያል። እነዚህም አይተው ነው የገቡት።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። «እንግዳ አለብዎ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ማለት ነበር። ወይም ደግሞ ሽማግሎቹን «አባቶቼ፣ ለአፍታ ደጅ አረፍ በሉልኝ» ብሎ መጠየቅ። ነውር ነው፤ ለጋብቻ የተቀመጠ ሽማግሌ አይነሣም። ቢሆንም የመንግሥት ወረቀት ለያዘ ሰው ይነሡ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግን ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ መትቶኝ ነበር። የግራ ጉልበቴ አብጧል። ከዚህ ቤት በኋላ ሦስት ቤት ይቀረኛል፤ ሳይመሽ ካልጨረስኩ በማግስቱ ያንን ዳገት እንደገና መውጣት ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ የመግቢያውን ቃል አነበብኩ፤ የሚነግሩኝ ሁሉ በምሥጢር ይያዛል የሚለውን፣ እኔን ጨምሮ ሰባት ሰው ባለበት ቤት።

«እናቴ፣ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ።»

«ይጠይቁ ጌታዬ። ጠላው እስኪቀዳልዎ ይጠይቁ።»

ጣራውን ጠየቅሁ፣ ሣር ነው። አልጋውን ጠየቅሁ፣ መደብ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ምን እንደተበላ ጠየቅሁ፤ እሷ ከልጇ ጋር እየተያየች ከእውነቱ ትንሽ አስበልጣ መለሰች፣ በእንግዳ ፊት ማን አያስበልጥም። ከዚያ ከብቱ ላይ ደረስኩ።

«ስንት ላም አለዎት?»

ከሽማግሎቹ አንዱ ዋንጫውን ወደ አፉ ሊያነሣ ብሎ መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። እንደማውቅ አውቃለች፤ ከማን ጋር እንደመጣሁ እያየች ነው። ዓይኗ ለአፍታ ብቻ እኔ ላይ ቆየ፤ ያ አፍታ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ አልሄደም።

«ሁለት» አለች።

ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የማን ናቸው የሚል ነው። ልዘለው እችል ነበር። እንደተጻፈው ሥራ የተባልኩት ትዝ ያለኝ በዚያች ሰዓት መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

«የራስዎ ናቸው?»

«የማን ሊሆኑ ኖሯል?» አለች፣ ቆጣ ብላ። መንገድ መሪዬ ጫማውን ያያል። እኔ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ዋንጫውን የያዘው ሽማግሌ ፈገግ አለና «እንግዲህ መንግሥትም ጽፎታል» አለ፤ ጠላውንም ጠጣ።

ሴትዮዋ ከአንድ ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን ደባርቅ ድረስ መጣች። ቢሮዬን ጠይቃ አግኝታ በሩ ላይ ቆመች። እንድትቀመጥ ብለምናትም እንቢ አለች። ከምግብ ለሥራው መዝገብ ስሟ ወጥቷል። ለቀበሌው የተመደበው ሰው ቁጥር ተቀንሶ አንዳንድ ሰው መውጣት ነበረበት፤ ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ መንገድ የመራኝ ሰውዬ አለበት። ላሞቹ የማን እንደሆኑ ኮሚቴው ቢጠየቅ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ራሷ በአፏ፣ በሽማግሎች ፊት፣ ሁለት ላም አለኝ ብላለች፤ በመንግሥት ወረቀት ላይም ሰፍሯል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? በእሷ ቦታ ከኮሚቴው የአንዱ የእህት ልጅ ገባ።

ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። በየቤቱ እየኮራሁ የማነበው የምሥጢር ቃል እንዲህ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱ ከእጄ አልወጣም፤ መውጣትም አላስፈለገውም፣ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቶታል።

«ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ» አልኩ። «ላሞቹ የርቢ ናቸው፣ ስሕተቱ የእኔ ነው ብዬ ለኮሚቴው…»

«ኧረ እንዳይጽፉ!» አለች፤ እጇን አነሣች። «እኔ የመጣሁት እንዳይጽፉ ልለምንዎ ነው። አቤቱታ የገባ እንደሆን የሚነበበው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሰንበት የተነበበ ነገር ሰኞ ማዶ ይደርሳል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።»

«ከሠርጉ በኋላ እንጽፋለና።»

«ከሠርጉ በኋላማ ልጄ እነሱ ቤት ነች። እናትሽ ዋሽታ ነው የዳረችሽ ሊሏት? ዕድሜዋን በሙሉ? ተዉት ጌታዬ። ይቅር።»

ጎረቤቶቿ ጋብቻ ማፍረስ ኃጢአት ነው ብለው ምሥጢሯን ጠብቀዋል፤ እነዚያው ጎረቤቶች ስንዴዋን ወስደዋል። ሁለቱንም በአንድ ልብ አድርገውታል፤ እሷም ከእነሱ ሌላ የምትኖርበት ሰው የላትም። ይህን ስታስረዳኝ በምሬት አልነበረም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደምትነግረኝ ነበር።

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ልትሄድ ስትል ዞር አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ጥያቄ የሌላ አገር ሴትም ትጠየቀዋለች?»

«አዎ። ያው ጥያቄ ነው፤ ቃል በቃል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አገርና አገርን ለማስተያየት ነው። ማን ምን ያህል እንዳለው፣ ማን እንዳደገ፣ ማን እንደቀረ።»

«እንግዲያው እኔንም ከሷ ጋር ሊያስተያዩኝ ነው።»

«አዎ።»

«በሁለት ላም?»

«በሁለት ላም» አልኩ። ሳቀች፤ እውነተኛ ሳቅ ነው፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። «አይ የሷ ነገር፣ ምን ትለኝ ይሆን» አለች። ቀጥላም «አንቱ ምን ያድርጉ፣ በሰው ፊት ጠይቁ ተብለው ታዘው ነው» ብላኝ ሄደች።

ዝም አልኩ። እርም ያርገኝ፣ ዝም አልኩ። መመሪያው ተቃራኒውን እንደሚል መናገር ስችል ታዝዤ ነው ብላ እንድትሄድ ተውኳት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል፤ ደብዳቤ አይጻፍም፣ ተቆጣጣሪዬ አይሰማም፣ ማንም አይጠይቀኝም። ያን ቀን ምሳዬን በሰላም በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለደባርቅ ጥሩ ዓመታት ነበሩ። አስፋልቱ ደረሰልን። ድሮ ከጎንደር አቧራ ለብሶ የሚገባው አውቶቡስ ንጹሕ ሆኖ መግባት ጀመረ። መስታወት የለበሰ ፎቅ ተሠራ፤ ፈረንጆች የሚያርፉባቸው ሆቴሎች በዙ፤ ስልክ የሌለው ሰው ጠፋ። ገጠሩም ቢሆን ቆርቆሮው በየሸንተረሩ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ሰው ራሱን የሚያስተያየው ከሌላ አገር ጋር አይደለም፤ ከማዶ ካለው ቆርቆሮ ጋር ነው። እድገት የለም ብል እዋሻለሁ፤ ዓይኔ አይቶታል። እኔ ግን ያው የኪራይ ቤቴ ውስጥ ነኝ፤ ደሞዜ በተጨመረ ቁጥር ሽንኩርቱ ቀድሞት ይቆየኛል።

አንድ ጊዜ በቅሎ እስኪጫንለት የሚጠብቅ ወጣት ቱሪስት በሆቴሉ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፤ የእኛን አገር አኃዝ ከሌሎች አገሮች ጋር እያስተያየ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፏል። እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፣ የሚበላ ነገር የሰጠሁት ይመስል። ሁለቱ ላሞች ውስጥ አሉበት ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ። ቋንቋው አልበቃኝም፤ ቢበቃኝም ምን ይላል? በቅሎው ተጭኖለት ሄደ።

ሴትዮዋን በነዚያ ዓመታት ገበያ ላይ አያት ነበር። ኩበት ተሸክማ ትመጣለች፤ ከላሞቹ ከሚደርሳት ውስጥ ገበያ የምታወጣው እሱን ነው። ዳባት አካባቢ ድንች ሲለቀም የቀን ሥራ ትሄድ እንደነበርም ሰምቻለሁ። አንድ ክረምት ዝናቡ በጣም ዘገየ፤ ያን ዓመት ፊቷ ገርጥቶ፣ አንገቷ ቀጥኖ አየኋት። መጀመሪያ የደረሳትን የጥጃ ድርሻ ለልጇ ጎጆ መውጫ ሰጥታለች፤ ለራሷ ሌላ ተራ መጠበቅ ነበረባት። ይህን ሁሉ የማውቀው ከሰው ነው። እኔ ራሴ ስመለከታት መንገዱን እሻገር ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥናት እንድንደግመው ታዘዝን፤ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ጥያቄ። ኑሮ ምን ያህል እንዳደገ የሚታወቀው እንዲህ ሲነጻጸር ነው ተባልን። በወረቀቱ ፈንታ ታብሌት ሰጡን። የቤቶቹ ዝርዝር ሲደርሰኝ የእሷ ስም ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ለባልደረባዬ ልቀይረው ብዬ አሰብኩ፤ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ መንገድ መሪ አልያዝኩም። ቤቱ ስደርስ አንዲት ጎረቤቷ አብራት ባቄላ ትፈለፍላለች። «እናቴ፣ ብቻዎን ነው የማነጋግርዎ» አልኩ። ጎረቤትየዋ ቅር ሳይላት ተነሥታ ሄደች። እንዲህ ቀላል ነበር።

ጣራው አሁንም ሣር ነው። መደቡም ያው ነው። ከብቱ ላይ ስደርስ ግን ፊቷ ፈካ።

«ስንት ላም አለዎት?»

«አንዲት። የራሴ!» አለችና እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ። ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ላም፣ ገና መጀመሪያዋን የወለደች። ተራው ደርሷት ያገኘቻት ናት። የነጋዴው ላሞች ወደ ሌላ ጠባቂ ሄደዋል። ጥጃይቱንም አሳየችኝ፤ ጆሮዋን ዳሰሰችልኝ። እንዲህ ተደስታ አይቻት አላውቅም።

ተመልሰን ገብተን «አንድ» ብዬ ስነካ ታብሌቱ ቀይ ሆነ። ባለፈው ጊዜ ሁለት ላም ተመዝግቧል፤ አሁን አንድ ነው፤ የቀነሰበትን ምክንያት ምረጥ ይላል። ሞት፣ ሽያጭ፣ ስርቆት፣ ስጦታ። ድሮውንም አልነበረም የሚል የለም። ሳይመርጡ ማለፍ አይቻልም። አስረዳኋት።

«ሞተች እንዳይሉ፣ ክፉ ነገር ነው» አለች። «ተሰረቀች ቢሉም ጎረቤት ይታማል።»

«ተሸጠች?»

«ብሩን ምን አደረግሽው ቢሉኝስ?»

ስጦታ የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱ ተስማማ። ከባዶ ተነሥታ በአምስት ዓመት አንዲት ላም ያቆመች ሴት፣ በእኛ መዝገብ ከሁለት ወደ አንድ ወርዳ ድሃ ሆነች። አንድ ቀን እዚያ ግድግዳ ላይ የእኛ መስመር ትንሽ ዘንበል ሲል አንድ ሰው ምክንያቱን ይፈልግ ይሆናል። ድርቅ ነው ይላል፤ ወይም የገበያ ችግር። ይህን ሳስበው ከንዴት ይልቅ ድካም ነው የተሰማኝ፤ ታብሌቱን እዚያው መደቡ ላይ ትቼው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያን ጊዜ በሽማግሎቹ ፊት ባይሆን ኖሮ እውነቱን እነግርዎ ነበር» አለች፣ የተጨነቅሁ መስሏት ልታጽናናኝ። «ምን ይደረግ፤ ታዘው ነው።»

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ይህን ነገር ከዚህ በላይ መሸከም ስላቃተኝ ነው።

«አልታዘዝኩም» አልኩ። «መመሪያው ብቻዋን ጠይቅ ነው የሚለው። በደማቁ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ አስምሬበታለሁም። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ሦስት ቤት ቀርቶኝ ነበር፤ ይህን ዳገት በማግስቱ እንደገና መውጣት አልፈለግሁም። ላሞቹ የርቢ መሆናቸውንም አውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ተነግሮኛል።»

የምትፈለፍለውን ባቄላ ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አኖረችው።

«እኔ ሕግ ነው ብዬ» አለች።

«አይደለም።»

«ለሽማግሎቹ ደጅ ጠብቁ ቢሏቸው ይወጡ ነበር?»

«ይወጡ ነበር።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ደጅ ላሟ ጥጃዋን ትጠራለች። ሴትዮዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን በአክብሮት፣ «ይቀጥሉ ጌታዬ፣ ይጠይቁኝ፤ እንዳይመሽብዎ» አለችኝ።

ታብሌቱን አነሣሁ። ቀጣዩን ጥያቄ አነበብኩላት። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ በዚህ ቤት የሚበላ የታጣበት ወር ነበር ወይ ይላል።

«ያለፈውን ዓመት ብቻ ነው የሚጠይቅ?» አለች።

«አዎ። አሥራ ሁለት ወር ብቻ።»

«ከዚያ በፊት ያለውንስ?»

«ከዚያ በፊት ያለውን አይጠይቅም።»

«እንግዲያው አልተራብኩም» አለች። «እንዲያ ብለው ይጻፉ።»

ጻፍኩ።